እሜቴ አራተኛ ክፍል ገባች

ፋንታሁን ድንጋይ ወርውሮ አይስትም ነበር። ከሩቅ የተቀመጠ ጣሳ መትቶ ያንኳኳል፤ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል አውርዶ ያሳያል። በሰቆጣ የአራተኛ ክፍል ልጆች ዘንድ ይህ ቀላል ማዕረግ አልነበረም፤ እሱም ይኮራበት ነበር።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ግን ይኸው እጁ ጉድ አደረገው። የክፍል ጓደኛው አመተ ሥላሴ ከወፍጮ ቤት እየተመለሰች ነበር። አህያ ላይ በተጫነው የዱቄት ጆንያ ጉብ ብላ እግሯን እያወዛወዘች ስትመጣ አያትና ሊያስቃት ፈለገ። ጠጠር ብጤ አንስቶ የአህያዋን ጭን መታ። አህያዋ ደንብራ ዘለለች፣ ጆንያው ተገለበጠ፣ ልጅቱም ከድንጋይ ካቡ ሥር ወደቀች። እግሯ ሲሰበር ፋንታሁን ድምፁን ሰማው። እንደ ደረቅ እንጨት ነበር።

ይህን የማያውቅ የክፍሉ ልጅ የለም። አባቱ ገርፈውታል። ሽማግሌ ልከውም የልጅቱን እናት ወይዘሮ ዘመናይን ይቅርታ ጠይቀዋል፤ እሳቸውም «የልጅ ነገር ነው፣ እግዜር ያስተምረው» ብለው ይቅር ብለዋል። የአመተ ሥላሴም እግር ሆስፒታል ታስሮ ከረመና ጀሶው ወለቀ፤ አጥንቱ ገጠመ። አልገጥም ያለው ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ከቤት አልወጣም አለች። የአህያ ኮቴ በሰማች ቁጥር ላብ በላብ ሆና ከእናቷ ጉያ ትሸጎጣለች። ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ ውሃ የጫነ፣ እንጨት የጫነ፣ እህል የጫነ አህያ የማያልፍበት መንገድ ከየት ይመጣል?

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት ይታየሽ እየተመላለሰች ጠየቀቻት። ልጅቱ እያነበበች፣ እየሳቀች፣ እያወራች ትቆይና «ሰኞ ትመጫለሽ?» ስትባል ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ይታየሽ ልቧ እንደ ከበደ ወደ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። እዚያ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ልጆቿ ምን ሲያደርጉ ታያለች? አጥር ሥር የተኛውን ውሻ በድንጋይ ያባርራሉ። ከአበርገሌ በቅርብ የመጣውን ልጅ በአነጋገሩ ይቀልዱበታል። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ይህንን እሷ በደንብ ታውቃለች። ሌላ ነገር ያሳያቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

አንድ ቀን ማታ ላይ ይህንኑ ለጎረቤቷ ለካሤ አጫወተችው። ካሤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ከወር በፊት ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበር።

«እዚያ አንድ ቪዲዮ አሳዩን» አላት። «ረጋ ያለ እንስሳ ይመርጡና ትምህርት ቤት ይወስዱታል፣ የታመመ ልጅ ዘንድ ይወስዱታል። ልጆቹ እሱን ሲያባብሉ እነሱም ይረጋጋሉ፤ መስጠትን፣ መታገስን ይማራሉ።»

«ምን ዓይነት እንስሳ?»

«ውሻ ነው የሚበዛው። ፈረስም አለ።»

«እኛስ ምን አለን?»

«እኛማ» አለ ካሤ ወደ ግቢው እየጠቆመ፣ «አህያ አለን።»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ ቆመና ተያዩ።

በግቢው የታሰረችው አህያ ባለቤቷ የጀርባዋ ገጣባ ሲብስ መንገድ ላይ የጣላት ነበረች። ካሤ ቁስሏን አጥቦ፣ አክሞ አዳናት። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ቢጮህ፣ ባጃጅ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ጆሮዋን ወዝወዝ ከማድረግ በቀር አትነቃነቅም።

ርዕሰ መምህሩ ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «አህያ ትምህርት ቤት? ወላጅ እኮ ‹ልጆቻችንን አህያ ሊያደርጓቸው ነው› ይለናል!»

«አሁንስ ምን እያለን ነው?» አለች ይታየሽ። «የአንዷ እግር ተሰብሮ ቤት ቀርታለች።»

ርዕሰ መምህሩ ተቀመጡ። «አንድ አርብ» አሉ። «አንድ አርብ ብቻ እንሞክረው።»

አርብ ረፋድ ላይ ካሤ የታጠበችውንና የተቦረሸችውን አህያ እየሳበ በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ግቢው ተናወጠ።

«አህያ ገባች! አህያ!»

«ልትመዘገብ ነው!»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

በየመስኮቱ ጭንቅላት ተደራረበ። የሌሎቹ ክፍሎች መምህራን እንኳ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ወጥተው ቆሙ። የአራተኛ ክፍል ልጆች ግራር ጥላ ሥር ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ሲነገራቸው የተቀመጠ አልነበረም፤ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ይንጠላጠላል፣ ሌላው ጅራቷን ለመንካት ከኋላ ይሾልካል።

ይታየሽ አልጮኸችም። ዝም ብላ ጠበቀች። አህያዋም ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀች። ልጆቹ ሁለቱ የሚጠብቁት እነሱን መሆኑ ሲገባቸው አንድ በአንድ ቁጭ አሉ።

«ይቺ እንግዳችን ናት» አለች ይታየሽ። «እንግዳ ከኋላው አይመጣበትም፤ ከፊቷ ትመጣላችሁ። ድምፅ ዝቅ ይላል። እጅ ይዘረጋና ይጠበቃል። እሷ ከመጣች ትነኳታላችሁ። ካልመጣች ደግሞ መብቷ ነው።»

«አህያ መብት አላት እንዴ ቲቸር?»

«አላት።»

ይህን ጊዜ ሌላ ረብሻ ሆነ። ማን ሰማ እንዲህ ያለ ነገር! «ስሟስ ማነው?» አለ አንዱ። ካሤ ስም እንዳላወጣላት ሲናገር ሁሉም አብረው ጮኹ። «ሸጊት!» «ዳማ!» «ሲኖትራክ!» ከፊት የተቀመጠችው ብርሃን የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ፣ «እሜቴ እንበላት» አለች። «አያቴን ሰው እሜቴ ሲላት ደስ ይላታል።» ልጆቹ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ፤ ስሙ ግን እዚያው ጸደቀ። አህያዋ እሜቴ ሆነች።

በተራ በተራ ገብስ በእጃቸው ይዘው ቀረቡ። እሜቴ ለስላሳ ከንፈሯን ዘርግታ ከመዳፋቸው ስትቅም አንዱ ይንዘፈዘፋል፣ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ አፍና ትፍለቀለቃለች። የበላችለት ልጅ ወደ ቦታው ሲመለስ አገር እንደ ገዛ ነበር የሚራመደው።

ፋንታሁን መጨረሻ ላይ ቀረ። ተራው ሲደርስ ቶሎ ገላግሎ ለመመለስ ብሎ እጁን ወረወረ። እሜቴ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ ፈቀቅ አለች።

«አወቀችህ!» አለ አንድ ልጅ። «ምን እንደሠራህ አውቃለች!»

ፋንታሁን ገብሱን መሬት ላይ በትኖ፣ «ምን አገባኝ!» ብሎ ሄደ። ፊቱ ግን እሳት መስሎ ነበር።

ካሤ አጥር ሥር አገኘው። «እሷ ምንም አታውቅም» አለው። «እጅህን ነው የፈራችው። ከትከሻህ ነው የምታነሣው፣ እንደሚወረውር ሰው። ከታች አምጣው፤ ዝግ አድርገህ።»

«ካልመጣችስ?»

«ትጠብቃለሃ!»

ያን ሳምንት ፋንታሁን ቤት ውስጥ ሥራ አገኘ። ዶሮዎቹ ፊት ቁጭ ብሎ መዳፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ እሱን ሲያዩ ይበተኑ የነበሩት ዶሮዎች እየቆዩ ቀረቡ፤ አንዷ ጭራሽ ከመዳፉ ማሽላ ለቀመች። እናቱ በበሩ ብቅ ብለው፣ «አንተ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉት። «ዝም በይ እማ፣ ትሸሻለች» አለ በሹክሹክታ።

አንድ አርብ የተባለው ሙከራ ሁለተኛ አርብም ሆነ፤ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ገብስ ይዘው ሲመጡ ማን ይከልክል! ፋንታሁን ተራው ሲደርስ አልቆመም። ከእሜቴ ፈንጠር ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ገብስ የያዘ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እሜቴ አየችው። ጆሮዋን አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ጎን አደረገች። አንድ ጊዜ ተራመደች፤ ቆመች። ደግማ ተራመደች። ሞቅ ያለ ትንፋሿ መዳፉን ሲነካው ፋንታሁን ዓይኑን ጨፈነ።

«በላች» አለ፤ ድምፁ እንዳይሰማ እየታገለ፣ ደስታው ግን ከአፉ እያመለጠው። «ቲቸር፣ በላች! ከእኔ እጅ በላች!»

ክፍሉ ሊጮህ ፈለገ። እሜቴ እንዳትደነግጥ ግን መጮህ አይቻልም። ስለዚህ ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ያለ ድምፅ እያውለበለቡ፣ እንደ በቆሎ እየፈነዱ ጨፈሩ። ይታየሽ እንዲህ ያለ ጭፈራ በዕድሜዋ አላየችም።

ቀናት አለፉ። አጥር ሥር የሚተኛው ውሻ ፊት በተሰበረ ሳፋ ውሃ ተቀምጦ ተገኘ፤ ማን እንዳስቀመጠው የሚናገር ጠፋ። ከአበርገሌ የመጣው ልጅ ስለ አህያ የሚያውቀውን ሲጠይቁት ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሆነ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ። ሆኖም ጭቅጭቁ ሲጋጋል አንዱ «ከፊቱ ና፣ ከፊቱ!» ይልና ሳቅ ይሆናል።

በአንደኛው አርብ ካሤ እሜቴን ይዞ ሊወጣ ሲል ፋንታሁን ተነሥቶ ቆመ።

«ቲቸር፣ እሜቴ ሰው ቤት ትሄዳለች?»

የማን ቤት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ያውቁታል።

ይታየሽ በዚያው ቀን ወደ ወይዘሮ ዘመናይ ቤት ሄደች። አመተ ሥላሴ ነገሩን ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በኋላ፣ «ልጆቹ ይምጡ» አለች። «አህያዋ ግን ከአጥር ውጭ ትቁም።»

«እንዳልሽው» አለች ይታየሽ።

በቅዳሜው ጠዋት አራተኛ ክፍል በሙሉ በትምህርት ቤቱ በር ተሰበሰበ። አንዷ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራለች፤ አንዱ ራሱ የሠራውን የጨርቅ ኳስ ታቅፏል፤ ሌላው እንቁላል ይዞ እንዳይሰበርበት እንደ ሙሽራ ይራመዳል። ፋንታሁን የእሜቴን ገመድ ይዟል። ካሤ ከጎኑ፣ ይታየሽ ከፊት ሆነው ተነሡ።

የገበያ ቀን ነበር። ከጋዝጊብላ የመጣው ገበያተኛ እህሉን፣ ማሩን፣ በጉን ይዞ መንገዱን ሞልቶታል። ልጆቹ፣ «ለእሜቴ መንገድ! ለእሜቴ መንገድ ስጡ!» እያሉ ሲመጡ ሰው ትልቅ እመቤት በበቅሎ የመጣች መስሎት ዘወር ይላል፤ ሲያይ አህያ!

«ኧረ ጉድ! አህያ እሜቴ ተባለች!»

«ስምንተኛው ሺህ ነው!» ይላሉ ሴቶቹ እየሳቁ። አንዷ ግን ከጆንያዋ እፍኝ ገብስ ዘግና ለእሜቴ ሰጠች።

እህል ተራው አጠገብ ሲደርሱ እሜቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ከፊቷ አንዲት ሌላ አህያ ከነጭነቷ ወድቃለች። ባለቤቷ፣ ነጠላቸው አቧራ የለበሰ ሽማግሌ፣ ዱላ አንሥተው በኽምጣኛ እየተቆጡ ሊመቷት ነው።

ካሤ እርምጃ ሲጀምር ፋንታሁን ቀደመው። ገመዱን ለብርሃን ሰጥቶ፣ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ዞሮ፣ ራቅ ብሎ ቆመ። እጁን ከታች ዘረጋ። በኽምጣኛ፣ በአያቱ ቋንቋ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገራቸው፦ «አባባ፣ ደክሞዎታል። ጭነቱን እኛ እናውርድልዎት?»

ሽማግሌው ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ። የሚቆጣቸው ሰው እንጂ እንዲህ የሚላቸው አልጠበቁም። ክንዳቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ሌሊት ነው የተነሣነው» አሉ በአማርኛ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «እሷም እኔም እህል አልቀመስንም። ባትነሣልኝ ምን ላድርግ ብዬ ነው እንጂ...»

ልጆቹ ጭነቱ ላይ እንደ ንብ ሰፈሩበት። ካሤ መጫኛውን ፈታ። ጆንያው ተከፈተና ባቄላው በነጠላ፣ በሹራብ፣ በኮፍያ፣ በቦርሳ እየተዛቀ ወደ እህል ተራው ጎረፈ። «እንዳይፈስ!» «ያዘኝ!» «የኔ ይበልጣል!» አህያዋ ከባዱ ሲወርድላት ትንሽ ተነፈሰች፤ ካሤ ውሃ አጠጣት፤ ቆየት ብላ ተንገዳግዳ ተነሣችና አቧራዋን አራገፈች። ገበያው አጨበጨበ። አባ ደግሰው የተባሉት እኚያ ሽማግሌ ከባቄላው ለየልጁ እፍኝ እፍኝ አቀመሱ። «እደጉ! እደጉ! ዕድሜ ይስጣችሁ!» እያሉ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኟቸው።

በዚህ ሞቅታ ነበር ወይዘሮ ዘመናይ ቤት የደረሱት። ሁሉም አብረው እያወሩ፣ እየተገፋፉ። በሩ ሲከፈትና አመተ ሥላሴ መቃኑን ጨብጣ ብቅ ስትል ግን ወሬው እዚያው ተቆረጠ። ከስታለች። ዓይኖቿ ከአጥሩ ባሻገር የቆመችው አህያ ላይ ናቸው።

ይታየሽ ምን እንደምታደርግ ሳትወስን ብርሃን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ሁሉም። ማንም ሳያዝዛቸው ግቢውን ሞልተው ተቀመጡ፤ ያመጡትን ከፊታቸው አድርገው፣ ዝም ብለው ጠበቁ።

አመተ ሥላሴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከአጥሩ ባሻገር ገመዱን የያዘውን ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እሱ ይሂድ» አለች።

ፋንታሁን ከንፈሩን ነከሰ። ጠዋት ሲነሣ ገመዱን ይዞ ስትስቅለት፣ ይቅር ስትለው ነበር በሐሳቡ ያየው። ይታየሽን አያት፤ እሷ ዓይኗን ወደ ልጅቱ መለሰች። ገመዱን ለካሤ ሰጠና ከመንገዱ ዳር ካብ ጀርባ ዞሮ ብቻውን ተቀመጠ።

ከዚያ የሚሰማው እንጂ የሚያየው አልነበረም። ብዙ ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ የተጎዳ እግር የሚጎትት እርምጃ፤ ቆመ፤ ደግሞ ቀጠለ። «ከታች አምጪው» የሚል የብርሃን ሹክሹክታ። «እዚያው ሁኚ፣ እሷ ትምጣ፣ ካልፈለግሽ ደግሞ መብትሽ ነው።» ፋንታሁን ሣር እየነጨ ይጠብቃል።

«ውይ!» አለች አመተ ሥላሴ።

ፋንታሁን ተነሥቶ ቆመ።

«ጢሟ... ጢሟ ይኮረኩራል!» ከዚያም ሳቀች። እንደ ድሮዋ፣ እንደዚያ በጆንያ ላይ ሆና እንደምትስቀው፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ እንደሆነ ድምፁ ብቻውን ይናገራል። የልጆቹ ሁካታ ተከተለ፤ ይህን ጊዜ እሜቴ እንኳ አልቻለችምና አናፋች፤ ሰፈሩ አስተጋባ፤ የባሰ ሳቅ ሆነ። ካቡ ጀርባ ፋንታሁን ማንም ሳያየው፣ እጁን ወደ ሰማይ እያውለበለበ፣ ያለ ድምፅ ይዘል ነበር።

ወይዘሮ ዘመናይ ዞር ብለው መጥተው እንደዚያ ሲዘል አገኙት። ዓይናቸው በእንባ ርሷል። እፍኝ ቆሎ ዘረጉለት።

«ግባ አልልህም ልጄ» አሉት። «እሱን እሷ ናት የምታውቅ። ቆሎውን ግን ብላ።»

«እሺ እትዬ» አለ፤ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሰኞ ጠዋት ይታየሽ በበሩ ቆማ ነበር። የአራተኛ ክፍል ልጆች ግን እስከ መንገዱ መገናኛ ወጥተው፣ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ፋንታሁን ከሁሉም ኋላ፣ ባሕር ዛፍ ተደግፎ ቆሟል።

«መጣች! ቲቸር፣ መጣች!»

አመተ ሥላሴ የእናቷን እጅ ይዛ፣ እግሯን ሳብ እያደረገች ከታች ብቅ አለች። ልጆቹ ሊሮጡ ተነሡና በራሳቸው ቆሙ፤ ደንቡ ከፊት፣ ዝግ ብሎ ነው። ይሄኔ ከላይ በኩል ጀሪካን የጫኑ አህዮች በሰልፍ እየወረዱ መጡ። ጀሪካኖቹ ይንቋቋሉ፣ ኮቴው ድንጋዩን ያንኳኳል። አመተ ሥላሴ በድን ሆና ቀረች። የእናቷን እጅ የጨበጠችበት ጣቷ ነጣ።

ፋንታሁን ወደ እሷ አልሄደም። ወደ ላይ ነበር የሮጠው፤ ነጂው ጋ ሲደርስ ሩጫውን ገታና ከፊቱ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ጥግ ቢያስይዟቸው፤ ጓደኛችን እስክታልፍ» አለው። ሰውዬው ልጁን አየ፣ ወደ ታች ልጅቱን አየና አህዮቹን ወደ ካቡ አስጠግቶ አቆመ።

መንገዱ ተከፈተ። አመተ ሥላሴ የቆሙትን አህዮች፣ ቀጥሎ ፋንታሁንን ተመለከተች። ከዚያ የእናቷን እጅ ለቀቀች።

«አንተ» አለችው።

ፋንታሁን ወደ እሷ ዞረ። «አቤት?»

«ከፊት ከፊቴ ሂድ። አህያ ከመጣ ንገረኝ።»

ፋንታሁን ዞረና እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ከፊት ከፊቷ ሄደ።